የበረዶ መፍጫው መዝገብ

ሳቢያን ሰፈር ካለው በረዶ ፋብሪካ የመካኒኩ የጉግሳ ሬሳ የወጣው ረፋድ ላይ ነው። መፍጫው ውስጥ ገብቶ ሲጠግን ሰው ኃይል ለቀቀበት። ሽርጡ መፍጫው በር ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር፤ «ውስጥ ነኝ፣ አትንኩ» ማለቱ እንደሆነ ፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ የለም።

ሥራ አስኪያጁ ዓምራን የታተመ ወረቀት ዘረጋ። «ኮምፒውተሩ የመዘገበው ይኸው። አራት ሰዓት ከአሥር፣ ኃይል የለቀቀችው ዮርዲ። ማሽን አይዋሽም፣ ኢንስፔክተር።» ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። መሐረቡ ደረቅ ነበር።

መርማሪዋ ፋርሂያ ወረቀቱን አየች። ከዮርዲ መስመር በላይና በታች ባዶ ቦታ አለ፤ ሌላው ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው።

«የት አተሙት?»

«ከመፍጫው ኮምፒውተር ላይ። ቢሮዬ አልወሰድኩትም።»

የመፍጫው ተቆጣጣሪ ዮርዲ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆማለች። እጇ ሊታሰር ነው።

«ከወንበርሽ ሽርጡ ይታያል?»

«ፊት ለፊቴ ነው። እያየሁት እንዴት እለቃለሁ? ጋሽ ጉግሳ እኮ ነው ሥራ ያስተማረኝ።»

«ሌላ ማን መልቀቅ ይችላል?»

«ፋራህ በስልኩ፣ አቶ ዓምራን ከቢሮው። ሁላችንም የየራሳችን የይለፍ ቃል አለን።»

ኤሌክትሪሺያኑ ፋራህ ብድግ አለ። «አቦ እኔን ተዪኝ። ወላሂ ደቻቱ ድልድይ ላይ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ።»

«ስልክህም አብሮህ ነበር። ተቀመጥ።»

ፋርሂያ መዝገቡን ራሱን መፍጫው ኮምፒውተር ላይ ከፍታ ረጅም ሰዓት አፈጠጠችበት። ቀጥሎ የዓምራንን ቢሮ አየች፤ ወደ መፍጫው የሚያሳይ መስኮት የለውም፣ ኮምፒውተሩም አሮጌ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መፍጫው ዘንድ ሰበሰበች። የሟች ሚስት ጥሩወርቅም ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች።

«ኮምፒውተር መስመር ሲጨርስ የማይታይ ምልክት ያኖራል» አለች ፋርሂያ። «የመፍጫው አንድ ያኖራል። የፋራህ ስልክም አንድ። የአቶ ዓምራን አሮጌ ኮምፒውተር ግን ሁለት። በመዝገቡ ሁለት ምልክት ያገኘሁት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከዮርዲ መስመር በፊትና በኋላ።»

«ተበላሽቶ ይሆናላ፣ ማሽን ነው» አለ ዓምራን።

«ጠዋት አይዋሽም ብለውኝ ነበር። አሮጌው ኮምፒውተር ብቻዋን የቆመችን አንድ ምልክት አያውቃትም፤ መስመሩን ሁሉ ቀጣጥሎ እንደ ገመድ ያሳያል። እርስዎ መዝገቡን ከዚህ ቢሮዎ ወስደው ስምዎን እዚያ ውስጥ ፈልገው አገኙት። እንዲለይልዎ ከፊትና ከኋላው መስመር ሰበሩ፤ ከዚያ ስምዎን አጥፍተው የእሷን ጻፉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ባዶ ቦታ የሰበሩት መስመር ነው። መዝገቡ አልወሰድኩትም ካሉት ቢሮ የቢሮውን ምልክት ይዞ ተመለሰ።»

ዓምራን ላብ አጠመቀው። «የሠርግ ትዕዛዝ ነበረብን። ጉግሳ የጨረሰ መሰለኝ። ሽርጡ ከቢሮ አይታየኝም።»

«ከቢሮህ እዚህ ሃያ እርምጃ ነው» አለች ጥሩወርቅ። «ሃያ እርምጃ መራመድ አቃተህ። የሰው ልጅ ስም ለማጥፋት ግን እዚህ ድረስ መጣህ።»

ፖሊሶቹ ከዮርዲ ወደ ዓምራን ዞሩ። ዮርዲ ወደ መፍጫው ሄደች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ውስጡን አየች፤ ማንም የለም። ከዚያ ሽርጡን አውርዳ፣ አጣጥፋ፣ ለጥሩወርቅ ሰጠቻት።