የተሸፈነው ሉል

በየትምህርት ቤቱ አንድ የተቆለፈ ሣጥን አይጠፋም። መምህራን ወገኖቼ፣ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ የእናንተው ሣጥን ትዝ ሊላችሁ ይችላል። ትዝ ቢላችሁ አትቆጡኝ፤ እኔም ስጽፈው እየሳቅሁ ነው።

በ1956 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዋንዛ በር በምትባል መንደር ሒሳብ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤታችን እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ጠዋት ደወል ይደወላል፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ ልጆቹ እየተጋፉ ይገባሉ፣ ከቆርቆሮው ጣራ ሥር ፊደልና ቁጥር ሲጮህ ይውላል።

ርእሰ መምህራችን አቶ ክንፈሚካኤል ደግ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ዲያቆን ሆነው አገልግለዋል፤ የያዙትን ነገር አክብረው መያዝ የለመዱት ከዚያ ጀምሮ ነው። የትምህርት መሣሪያ በጣም ይወዳሉ፤ ከመውደዳቸው ብዛት ለማንም አያሳዩም። ከፍኖተ ሰላም በጭነት መኪና የመጣው የዓለም ሉል፣ ትልቁ የአፍሪካ ካርታ፣ ማግኔቱ፣ ሚዛኑ፣ ሁሉም ቢሯቸው ውስጥ ካለው ሣጥን ተቆልፎባቸው ይኖራሉ። ሉሉማ ቀይ ከፈይ ለብሷል። ዓርብ ዓርብ ያወጡትና በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ይጠርጉለታል። በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ አቧራው ከየት እንደሚያገኘው እግዜር ይወቅ! ልጆቹ ሉሉን የሚያዩት በዚያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ከደጃፉ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና የተመረቀችው ወይዘሪት ንግሥቴ ጂኦግራፊ እንድታስተምር ወደ እኛ ስትመጣ፣ ብዙም ሳትቆይ ቢሯቸው ገባች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ ክንፈሚካኤል፣ ሉሉን ለነገው ክፍለ ጊዜ ይስጡኝ» አለች።

«ሉሉን?» አሉ፣ አንድ ልጃቸውን የተጠየቁ ይመስል። «ለማን?»

«ለተማሪዎቹ ነዋ። መሬት እንዴት እንደምትዞር ላሳያቸው።»

«ልጄ፣ እሱ የመንግሥት ንብረት ነው። የፈረምኩበት እኔ ነኝ። የእነዚህ ልጆች እጅ ከብት ሲነዳና እንጨት ሲሰብር የኖረ እጅ ነው፤ ሉሉ አንድ ቀን አይበረክትም። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ክብ ሣዪና አስረጃቸው። እኛስ በምን ተማርን?»

«ታዲያ ከነመቆለፊያው ቢቀመጥ ምን ይጠቅማል?»

«እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። ትምህርት ቤታችን ባዶ እንዳልሆነ ይታያል።»

ንግሥቴ እጅ ነሥታ ወጣች። በማግስቱ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ክብ ሣለች። አቻምየለሽ የምትባል፣ ጥያቄ የማያልቅባት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ መሬት ክብ ናት ሲሉ እንደ ሰፌድ ነው ወይስ እንደ ሎሚ?»

እውነቷን ነው! ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የተሣለ ክብ ይህን እንዴት አድርጎ ይመልሳል? ንግሥቴ ጠመኔዋን አስቀመጠችና «ቤታችሁ ክብ ቅል ያላችሁ ሁሉ ነገ ይዛችሁ ኑ» አለቻቸው።

ማግስቱን ግቢው ቅል በቅል ሆነ። ግብረ ገብ የሚያስተምሩት መሪጌታ ገብረሰንበት ለብራና ጽሕፈት የሚበጠብጡትን ጥቁርና ቀይ ቀለም በቀንድ ይዘው መጡ። «ይኸ ቀለም ዳዊት የሚጻፍበት ነው፤ በላብም አይለቅ» ብለው ሰጧት። ልጆቹ ከመጽሐፉ እያዩ አህጉሩን በጥቁር፣ አገራቸውን በቀይ ሣሉ። ከዚያ በየቅሉ እንጨት ሰክተው ፀሐይ ላይ ወጡ፤ ፀሐይ የመታው ጎን ቀን፣ ጥላ ያረፈበት ጎን ሌሊት መሆኑን እያዞሩ አዩ። «እኛ ዘንድ ነጋ! እነሱ ዘንድ መሸ!» እያሉ ሲጮሁ የእኔ ተማሪዎች ሒሳቡን ትተው በመስኮት ተንጠለጠሉ። ተቆጥቼ ልመልሳቸው ተነሣሁና እኔም አብሬ ቀረሁ።

አቻምየለሽ ቅሏን ይዛ ቤቷ ሄደች። አባቷ፣ አያ እንዳለው የሚባሉት ገበሬ፣ ከእርሻ ሲመለሱ አስቀምጣ አስተማረቻቸው። እሳቸውም በጥሞና ሰምተው «መሬት የምትዞር ከሆነ የብር ወንዝ ውኃ ለምን አይደፋም?» ብለው ጠየቋት።

«እሱ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው አሉን፣ አባባ።»

የአያ እንዳለው ፊት ተለወጠ። «ሰባተኛማ ያለው ቡሬ ነው። ሴት ልጅ ቤት ተከራይታ ቡሬ አትቀመጥም። እዚሁ ከከፈቱልን ትማሪያለሽ። ካልከፈቱ ግን ሰዎች ጠይቀውሻል፤ ለጥር እድርሻለሁ» አሏት።

ልጅቱ ይህን ለንግሥቴ ስትነግር እንባዋ ይወርድ ነበር። እኛም ሁላችን የምናውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል ይከፈትልን ብለን አመልክተን፣ በግንቦት ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቶ ይወስናል ተብለን ነበር። አቻምየለሽ በመስከረም ከክፍል መግባቷ ወይም በጥር መዳሯ በዚያ ሰው ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አቶ ክንፈሚካኤል ለጉብኝቱ ሽር ጉድ አሉ። ግድግዳው ተለሰነ፣ ግቢው ተጠረገ። በመጨረሻ ቅሎቹን አዩና «እነዚህ ይነሡ» አሉ።

«ምነው ጋሼ?» አለች ንግሥቴ። «የተማሩባቸው እኮ ናቸው።»

«ቅል ውኃ መቅጃ ነው። እንግዳው አይቶ በቅል የሚያስተምሩ ድሆች ሊለን ነው? በል ክንዱ፣ ሰብስበህ ጎጆህ አስገባልኝ።» ክንዱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ንግሥቴ ብትለምን፣ እኔም ብጨምርበት፣ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

የጉብኝቱ ቀን ካፊያ ጣለ። አቶ ክንፈሚካኤል ሉሉን ከቢሯቸው አውጥተው በሜዳው ማዶ ወዳለው ስድስተኛ ክፍል ሊያደርሱት ተነሡ። ቀዩን ከፈይ እንደለበሰ አቀፉት። ነገር ግን ሜዳው ጭቃ ስለነበር እግራቸውን ማየት ፈለጉ፤ ሉሉን ከፍ አድርገው ከራሳቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ «ክንዱ! ጥላ! ጥላ!» ብለው ጮኹ። ክንዱ መምህራን ክፍል ሮጦ ገብቶ መጀመሪያ ያገኘውን ጥላ ይዞ ወጣ። ያቺ ጥላ መሪጌታ ለደብሩ አሠፍተው ከጅጋ ያመጧት፣ ዘርፏ የሚወርድ፣ ባለ ወርቅ ቀለም ጥላ ነበረች። ዘርግቶ ከላይ ያዘላቸው።

እንግዲህ አስቡት! ራስ ላይ ያለ ቀይ ከፈይ፣ ከላይ ዘርፋም ጥላ፣ እርምጃው ዝግ ያለ፣ ፊቱ የጠነከረ ሰው። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ይህን ከአጥሩ ማዶ አዩና ሸክማቸውን አውርደው «እልልልል!» አሉ። አንድ ሽማግሌ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ተማሪዎቹ እልልታውን ሲሰሙ ከየክፍሉ ወጥተው እጅ ነሡ። ልክ በዚህ ጊዜ ላንድሮቨር ግቢ ገባችና ተቆጣጣሪው አቶ ሃይለ ሚካኤል ወረዱ። ያዩትን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ ጎንበስ አሉ።

«የማን ንግሥ ነው ዛሬ?» ብለው በሹክሹክታ አጠገባቸው የቆሙትን መሪጌታ ገብረሰንበትን ጠየቁ።

አቶ ክንፈሚካኤል ከሜዳው መሀል ደርቀው ቀሩ። ሉሉን እንዳያወርዱት ጭቃ ነው፤ እንዳይናገሩ አፋቸው ተሳሰረ። መሪጌታ ቀረብ ብለው ከፈዩን ገለጥ አደረጉና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ጌታዬ፣ ባርኔጣዎን ያድርጉ። የወጣው የዓለም ሉል ነው።»

ከዚያ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ልጆቹ ሳቁ፤ ተቆጣጣሪውም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የተንበረከኩት ሽማግሌ ጉልበታቸውን እያራገፉ «ወይ ጉድ! እኔ እኮ ስለት ሁሉ ተስያለሁ» አሉ።

መሪጌታ ግን ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ እኔ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ቃል ተናገሩ። «ክንፈሚካኤል ወንድሜ፣ ታቦቱን የምንሸፍነው ቅዱስ ስለሆነ፣ እጅ ሊደርስበት ስለማይገባ ነው። ይኸ ግን ሰው የሠራው፣ ለልጅ መማሪያ የተላከ ዕቃ ነው። ተሸፍኖ ሊኖር አልተላከም። እባክህ ሁለቱን አናቀላቅል።»

ከክፍሉ ገባን። ወላጆችም በመስኮት ተኮለኮሉ፤ አያ እንዳለው ከሁሉ ፊት ነበሩ። ተቆጣጣሪው ሉሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «ማን መጥቶ ቀንና ሌሊት እንዴት እንደሚፈራረቁ ያሳየኛል?» አሉ።

አቻምየለሽ ወጣች። ሉሉ አጠገብ ስትደርስ ቆመች፤ እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። ትውውቃቸው እንዲያ ነበራ! ተቆጣጣሪው «አዙሪው እንጂ» አሏት። ርእሰ መምህሩን አየች፣ መሬት አየች፤ እጆቿን ግን አልፈታችም። ሌላ ልጅ ተጠራ፤ እሱም እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

አቶ ሃይለ ሚካኤል ፊታቸው ጠቆረ። «መሣሪያችሁ ጥሩ ነው። ልጆቹ ግን አያውቁትም። እኔ ሰባተኛ ክፍል ይከፈት የምለው ለልጆች ነው፣ ለሣጥን አይደለም» አሉና ባርኔጣቸውን አነሡ።

በመስኮቱ በኩል አያ እንዳለው ዐይናቸውን ከልጃቸው ሲያነሡ አየሁ። ንግሥቴ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን የቀደሟት አቶ ክንፈሚካኤል ናቸው።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። ልጆቹ ያውቃሉ። እጃችሁን ሰብስቡ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የተማሩበትንም የደበቅሁት እኔ ነኝ። ክንዱ! ቅሎቹን አምጣ!»

ቅሎቹ ሲገቡ ክፍሉ ነፍስ ዘራ። አቻምየለሽ የራሷን ቅል አንሥታ በመስኮት የገባውን ብርሃን ፀሐይ አድርጋ አዞረችው፤ ነጋ፣ መሸ፣ ነጋ። ተቆጣጣሪው «እኛ ዘንድ ቀትር ሲሆን አሜሪካ ምን ይሆናል?» ሲሉ «እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ አይቀስቅሷቸው!» አለችና ክፍሉን በሳቅ ሞላችው።

ከዚያ አቶ ክንፈሚካኤል ሉሉን ከጠረጴዛው አንሥተው በሁለት እጇ አስያዟት። «ያዢው ልጄ። ቢወድቅም ይውደቅ። የመጣው ለአንቺ ነው።»

አያ እንዳለው ከመስኮቱ «ጌታው!» ብለው ተጣሩ። «የውኃውን ነገር ይጠይቋት፤ ለምን እንደማይደፋ!»

«እሱ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው፣ አባቴ» አሉ ተቆጣጣሪው።

«ታዲያ ይክፈቱልን፤ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ!»

በመስከረም ሰባተኛ ክፍል ተከፈተ። አቻምየለሽ በር ላይ ቀድማ ቆማ ነበር። አያ እንዳለው ጠያቂዎቹን ሰዎች «ልጄ ትምህርት ላይ ናት» ብለው መልሰዋቸዋል፤ የውኃው ነገር ገብቷቸው እንደሆነ ግን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሣጥኑም መቆለፊያው ወልቆ የጠመኔ ማስቀመጫ ሆነ።

መምህራን ሆይ፣ መሣሪያ ሲመጣላችሁ ለእንግዳ አታስቀምጡት። ባይመጣም እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ፤ ቅሉም፣ ቀለሙም፣ ፀሐዩም በየደጃችን ነው። ሲያገለግል የተሰበረ መሣሪያ ሥራውን ሠርቷል፤ ሳይነካ ያረጀው ግን የልጆቹን ድርሻ በልቷል።

በዓመቱ ሌላ ተቆጣጣሪ መጣና ሉሉን እያገላበጠ አየ። የኢትዮጵያ ሥፍራ ቀለሙ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል፤ ልጅ ሁሉ «እኛ እዚህ ነን» እያለ ጣቱን ሲያሳርፍበት። ተቆጣጣሪው ቆጣ ብሎ «ይህን ማን አበላሸው?» ሲል አቶ ክንፈሚካኤል ደረታቸውን ነፍተው «ተማሪዎቼ» አሉ።

ከዚያ በኋላ አቻምየለሽ በመሪጌታ ቀይ ቀለም አገራችንን መልሳ ሣለቻት፤ ከልኳ ትንሽ ሰፋ አድርጋ። ንግሥቴ ልታርማት ስትል አቶ ክንፈሚካኤል እየሳቁ ከለከሏት።

«ተያት» አሉ፣ «ጣታቸው መልሶ ያሳንሳታል።»