የባምላክ ወጪ መዝገብ

ቀሲስ መርዕድ የደወሉት አስከሬኑ ከተነሣ በማግስቱ ጠዋት ነበር።

«ወይዘሮ አክበረት፣ ይድረሱልኝ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ልቤ ግን እሺ አላለኝም።»

ወይዘሮ አክበረት አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የወንጀል መርማሪ ሆነው ሠርተዋል። ዛሬ በጡረታ ካምፓላ ይኖራሉ። ሟቹ ባምላክ የአንድ ክልል ቢሮ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቢሮው ፈተና ያላለፉ አርባ ሰዎችን ቀጥሮ፣ የውጤት ሰነዱን ሲጠየቅ «ተቃጥሏል» አለ። ባምላክ ዋናውን ይዞ ተሰደደ። ባለፈው እሑድ ማኪንድዬ በሚባል የካምፓላ ሰፈር በተከራያት ክፍል ውስጥ ተባይ ማጥፊያ የገባበት ሻይ ጠጥቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ በኮምፒውተር የተጻፈ ኑዛዜ ነበር፦ «ሰነዱን በሐሰት የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።» ፊርማው የራሱ ስለሆነ ፖሊስ ነገሩን በዚያው ዘጋው።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሳህንና አንድ ወንበር ብቻ ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ ባምላክ አልጋው ላይ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው።

«ደግ ሰው ነበር፣ እትዬ» አለች ከታች ሱቅ ያላት አከራይዋ ረምዚያ። «ግን ነገረ ሥራው ሁሉ ቢሮ! ጃንጥላ ሲያውሰኝ እንኳ ደብተር ላይ አስፈርሞኛል።»

«ማን ይጠይቀው ነበር?»

«ሕሩይ ብቻ። እሑድ እሑድ ሮሌክስ፣ ያን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ይዞለት ይመጣል። ሰሞኑን ደግሞ ያ የድሮ አለቃው ሰይፈሚካኤል መጥቶ ጮኾበት ሄደ።»

ወይዘሮ አክበረት ደብተሩን ከፍራሹ ሥር አግኝተው ቆመው አነበቡት። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው ደገሙት።

ሰይፈሚካኤልን ሆቴሉ አገኙት። «አዎ፣ አስፈራርቼዋለሁ» አለ። «ግን ሰነዱ የት እንዳለ ሳላውቅ ሞቱ ምን ይጠቅመኛል?»

በአንድ የእርዳታ ድርጅት አስተርጓሚ የሆነው ሕሩይ አለቀሰ። «ወንድሜ ነበር።»

«ከእሱ ወረቀት ተቀብለህ ታውቃለህ?»

«በፍጹም፣ እትዬ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም፣ ቀሲስ መርዕድና ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ ሶሊ ጭምር፣ ረምዚያ ሱቅ ተሰበሰቡ።

«መዝገብ ቤት ያደገ ሰው ከእጁ የወጣን ወረቀት ሁሉ ይቆጥራል» አሉ ወይዘሮ አክበረት። «ሶሊ ያሳየኝ ኑዛዜ ጀርባ ላይ በእርሳስ 41 ተጽፏል። ደብተሩ ላይ ተራ ቁጥር 41 እንዲህ ይላል፦ ‹የፈረምኩበት ባዶ ወረቀት፣ አንድ። ለስደተኞች ቢሮ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍልኝ ለሕሩይ ሀብቴ።› የተመዘገበው ዓርብ ነው።»

«ጠፍቶብኝ ነበር!» አለ ሕሩይ።

«ጠዋት አልተቀበልኩም አልከኝ። ደብተሩ መኖሩን አላወቅህም። ሌላውን ሁሉ አስፈርሟል፤ አንተን ስላመነ አላስፈረመም። ከሄድክ በኋላ ብቻውን ጻፈው።» ወደ ረምዚያ ዞሩ። «ተራ ቁጥር 39 የታሰረ ጥቅል ነው፤ አንቺ ጋ።»

ረምዚያ ከስኳር ጆንያው ኋላ አወጣችው። «አደራ ስለሆነ ነው ዝም ያልኩት።»

ወይዘሮ አክበረት ገለጡት። «ዳግማዊት ሀብቴ። ፈተናውን ወድቃለች፤ ግን ተቀጥራለች። እህትህ ናት?»

ሕሩይ ግድግዳውን ተደገፈ። «ሦስት ልጆች አሏት። ስሟን ብቻ አውጣልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹ሰነድ አይጎድልም› አለኝ።»

ሶሊ ይዞት ወጣ። ሰይፈሚካኤል ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ተከተላቸው።

«ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ ቀሲስ መርዕድ። «የሬሳ ሳጥኑን ግን ማን ይሸከመዋል?»

የሚጠይቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ተወሰደ። ወይዘሮ አክበረት ወደ መንገዱ ወጥተው ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ የሚነዱ አራት ሰዎችን ለመኑ። አንደኛው ሞተሩን አጥፍቶ የራስ ቁሩን አወለቀና «ስሙ ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቃቸው።