በሩን ቆልፎ የሚያጥብ

«የሚደብቀው ነገር ባይኖረው በሩን ለምን ይቆልፋል?» አሉ ማንድሎቩ፣ ወንበራቸውን ጎትተው ከአዲሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፊት ለፊት እየተቀመጡ።

«አክስቴ፣ ውሃው እንዳይፈስ ነው።»

«የምን ውሃ? ይሄ እኮ በምራቁ ነው የሚያጥበው!»

ሲታቢሌ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። ዛሬ የሳቅ ቀን አይደለም። ነገ ጠዋት ማሽኑን ያመጣው ዕቃ አመላላሽ ከቡላዋዮ ወደ ጆሃንስበርግ ይመለሳል፤ አክስቷም ማሽኑን ጭኖ ለላከችው ሰው እንዲመልስላቸው ነግረውታል። የላከችው ደግሞ እዚያ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው የሲታቢሌ እናት ናት። ልጇ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሮጌው ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን አጠገብ ተገትራ፣ ልብስ ከአንዱ ገንዳ እያወጣች ወደ መጭመቂያው ስትከት የሂሳብ ጥናቷ እንዳያመልጣት ብላ ነው የላከችው። ፈተናው ኅዳር ላይ ነው። ማሽኑ ከሄደ ቅዳሜዋም አብሮ ይሄዳል።

ክሱ አንድ ብቻ ነው፤ ኮላር። ማንድሎቩ ሐሙስ ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር የሚለብሱት ቀይ ሸሚዝ ተነቅሎ ለብቻው የሚታጠብ ነጭ ኮላር አለው። የኮላሩ ንጣት ደግሞ የባለቤቱ ክብር ነው። ባለፈው ሐሙስ አዲሱ ማሽን ያጠበው ኮላር አመድ መስሎ ነበር፤ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች መዝሙሩን ትተው የእሳቸውን አንገት ሲያዩ ዋሉ። እሳቸው ናቸው እንዲህ የሚሉት።

ሲታቢሌ ግን የአክስቷን እጅ ታውቀዋለች። አሮጌው የለመደውን ያህል፣ ኩባያ ሙሉ ዱቄት ሳሙና ይጨምሩበታል። መሃል ላይ ደግሞ «ደከመው» ብለው ያጠፉታል። ያልታለቀለቀው ሳሙና እዚያው ጨርቁ ላይ ይደርቃል፤ አመድ የሚመስለውም እሱ ነው። እንዲህ ብላ ብትነግራቸው «እኔን ልብስ ማጠብ ልታስተምሪኝ?» አሏት። ይሄኔ እልህ ያዛት። ሁለቱ ማሽኖች ይወዳደሩ አለች፤ እኩል የቆሸሹ ሁለት ኮላሮች፣ አንዱ በአሮጌው፣ አንዱ በአዲሱ። ዳኛዋ ጎረቤታቸው ማሲባንዳ ይሁኑ፤ የቱ በየትኛው እንደታጠበም አይነገራቸው። ማሲባንዳ ለሟች እንኳ የማያዳሉ ሴት ስለሆኑ ማንድሎቩ ወዲያው ተስማሙ።

ዛሬ ቅዳሜ፣ የቧንቧ ውሃ በተራ የሚመጣበት ቀን ነበር። አሮጌው እየጮኸና ወለሉን እያንቀጠቀጠ ሥራውን በአጭር ጊዜ ጨረሰ። አዲሱ ትንሽ ይዞርና ቆም ይላል፣ ደግሞ ይዞራል።

«የእኔው ታጥቦ ተሰጣ። ያንቺው ገና ያስባል» አሉ ማንድሎቩ። እጃቸው ወደ ማጥፊያው ሄደ።

«አክስቴ! አልነካም ብለው ቃል ገብተዋል።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። ማሽኑ የሚደፋውን ውሃ ሲታቢሌ በቱቦ ወደ በርሜል እየመለሰችው ስለነበር፣ «ውሃ ያባክናል» የሚለውም ወቀሳ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ መቀመጥ ሰልችቷቸው ማሲባንዳን ሊጠሩ ወጡ።

እሳቸው እንደወጡ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ሲታቢሌ ኮላሩን አውጥታ በፀሐዩ አየችው። ነጭ ነው። አገላበጠችው። እጥፋቱ ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር ቀርታለች። የአሮጌው ኮላር ላይ ምንም የለም።

«ዛሬም ልትቀሪ ነው?» አለች ጓደኛዋ ሎንዲዌ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ። «ትሪጎኖሜትሪ ነው እኮ! ላሽ በያቸውና ነይ!»

ሲታቢሌ መስመሯን አሳየቻት።

«በቃ ይቺ ናት? በደረቁ ሳሙና አሸት አድርጊያት። ማን ያይሻል?»

ሳሙናው እዚያው ገንዳው ጠርዝ ላይ ነበር። ሲታቢሌ አነሳችው። አንድ ጊዜ ብታሸው ያልቅለታል፤ ኮላሩም ይነጣል፣ ማሽኑም ይቀራል። ግን ዛሬ ካሸችው በሚቀጥለውም ሳምንት ተደብቃ ልታሸው ነው፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። ያኔ የሚያጥበው ማሽኑ ሳይሆን እሷ ትሆናለች። ሳሙናውን መልሳ አስቀመጠች።

«አንቺ ሂጂ፣ እመጣለሁ።»

«መቼ?»

«እመጣለሁ አልኩሽ!»

ኮላሩን ከሌላው አጠገብ ሰቀለችው፤ እጥፋቱን ወደ ውጭ ገልብጣ።

ማሲባንዳ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። ሁለቱንም በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ፣ አሸተቱ። «ይሄኛው» አሉ የአሮጌውን ይዘው። «ያኛውም ንጹሕ ነው። ግን እዚህ ጋ መስመር ቀርቶበታል።»

«አላልኩም? አላልኩም ወይ!» ማንድሎቩ አጨበጨቡ።

«ቆይ እንጂ» አሉ ማሲባንዳ። «ኮላር እንዲህ ተገልብጦ ይሰጣል እንዴ? ማነው ነውሩን ወደ ውጭ ያወጣው?»

ጭብጨባው ቆመ። «ሲታቢሌ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። መስመሩ እንዲታይ ብዬ ነው።»

ሲታቢሌ ለትልቅ ሰው ጉዳይ ሲነገር እንደሚደረገው ተንበረከከች፤ ዓይኗንም ወደ መሬት አደረገች። ድምጿን ግን ዝቅ አላደረገችውም። «አሮጌው በኮላር አሸንፏል። ኮላሩ በእሱ ይታጠብ፤ ረቡዕ ከትምህርት ቤት መልስ እኔ አጥበዋለሁ። አንሶላው፣ ብርድ ልብሱና ዩኒፎርሙ ግን በአዲሱ ይታጠባል። ማሽኑ አይመለስም፣ አክስቴ።»

ማሲባንዳ ሰማዩን ማየት ጀመሩ።

«አይመለስም?» አሉ ማንድሎቩ ቀስ ብለው። «እየጠየቅሽኝ ነው ወይስ እየነገርሽኝ?»

«እየነገርኩዎት ነው።»

አክስቷ አሸናፊውን ኮላር ከገመዱ አውርደው በጥንቃቄ አጠፉት።

«ኮላሬን ማንም አይነካብኝም፤ በአሮጌው ራሴ አጥበዋለሁ። ሌላውን ያ በር ቆላፊ ይጠበው» አሉ። «አንቺ ደግሞ ተነሺ። ጉልበትሽ አቧራ ለብሷል። እንዲህ ሆነሽ ነው ጥናት የምትሄጂው?»