ሴቭ ያልተደረገው ስም

ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «በደንብ ብላና ተኛ» እያልኩ የማሾፍ ሰው ነበርኩ፣ ያውም ኮምፒውተር ፈታትቼ የምገጥም ሰው፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ራሴንም እየታዘብኩት ነው።

ካምፓላ፣ ማኬሬሬ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሮሌክስ፣ ያንን በቂጣ የሚጠቀለል እንቁላል፣ ከሚጠብስ አንድ ሰው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ለስደተኛ ወገኖቼ የጥገኝነት ማመልከቻ፣ እኛ «ኬዝ» የምንለውን፣ እጽፍ ነበር። አንድ ሕግ ነበረን፣ ኬዝ ሴቭ አይደረግም። ሰዉ ሰላይ ስለሚፈራ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አትመን እንዘጋዋለን፣ ዲስኩ ላይ አንድ ፊደል አይቀርም፣ ማሽኑ በራሱ እንዳያስቀምጥም እኔው ዘግቼበታለሁ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ጋሽ መኮንን መጡ፣ የጥገኝነት ኢንተርቪው ያላቸው በማግስቱ ጠዋት ነበር። አገር ቤት የቀረ ታናሽ ወንድም አላቸው፣ እሳቸውን ደብቆ ያስወጣቸው እሱ ነው፣ አሁን ራሱ ተደብቋል።

«ስሙን አደራ፣ ልጄ» አሉኝ። «ነገ ወረቀቱ ላይ ካልገባ፣ ኋላ ላምጣው ብል ወንድም የለህም ነው የሚሉኝ።»

ስሙን አራት ቦታ ጻፍኩት፣ በነዚህ ጣቶቼ። ልናትም ስንል መብራት ሄደ፣ ያን ጊዜ ካምፓላ ውስጥ የሚገርመው መምጣቱ ነበር። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቷል፣ «ሴቭ ላድርገው?» አልኳቸው፣ «በጭራሽ!» አሉ፣ እኔም ስታንድባይ አድርጌ አስተኛሁት። ኮምፒውተር ሲተኛ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ሜሞሪው ላይ የሚቆየው ጥቂት ኃይል እስካለ ድረስ ነው፣ ኃይሉ ካለቀ ጽሑፉም አለቀ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ላፕቶፑ ላይ ብልጭ ድርግም የምትለው ትንሿ መብራት ጠፋች። በንዴት ባትሪውን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። እመኑኝ፣ መብራቷ ተመልሳ የበራችው ያኔ ነው፣ ብልጭ፣ ድርግም፣ በቀስታ፣ ልክ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ። ከዚያ ከውስጡ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ፣ አንድ ሰው ፊደል እየፈለገ የሚጽፍ ይመስላል። ጋሽ መኮንን አማተቡ። እኔ ግን እልኬ ተነስቶ «የገመድ ችግር ነው» አልኩ፣ ገመድ እንዳልተሰካ እያየሁ።

መብራት መጣ፣ ገመዱን ሰክቼ ከፈትኩት፣ እንደ አዲስ ተነሳ፣ ጽሑፉ ግን እዚያው አለ፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አልጎደለችም። የጎደለው ስሙ ብቻ ነው፣ አራቱም ቦታ ላይ በስሙ ልክ ባዶ።

«ይንገሩኝ፣ መልሼ ልጻፈው» አልኩ፣ ምክንያቱም ስሙ ከእኔም ጭንቅላት ጠፍቶ ነበር።

ጋሽ መኮንን ወደ ባዶው ቦታ ጎንበስ አሉ።

«እናታችን... እናታችን ማን ብላ ነበር የምትጠራው?» አሉኝ፣ እኔን!

በእኔ ሞባይል አገር ቤት ወዳለችው እህታቸው ደወሉ። ስልኩ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ መልሷን ሰማሁ።

«የምን ወንድም?» አለች።

በማግስቱ ያተምንላቸውን ወረቀት ከነባዶው ይዘው ኢንተርቪው ገቡ፣ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። እኔ አሁን ሁሉንም ነገር ሴቭ አደርጋለሁ፣ ከመተኛቴ በፊትም የእህት ወንድሞቼን ስም ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ። አምስት ነን። ትናንት አራተኛው ላይ ስደርስ ስሙ እስኪመጣልኝ ትንሽ ቆየሁ።