ጎንበስ የሚያሰኘው ካሜራ

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፣ የጎንደር ከተማ የአዲሱን ሚሌኒየም ጥምቀት ለመቀበል ሽር ጉድ ስትል፤ የፒያሳ ፎቶ ቤቶች የፊልም ካሜራቸውን ወደ ጓዳ እየወረወሩ ዲጂታሉን በመስኮት ይደረድሩ ነበር። ከእነዚህ በአንዱ የምትሠራው ፀደንያ ኪዳነወልድ ግን ደስታዋ ሌላ ዘንድ ነበር፤ ከአንድ ጡረተኛ ፎቶ አንሺ በገዛችው፣ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ከላይ ወደ ታች በሚታይበት አሮጌ ካሜራ።

«ይህን ሳጥን ጨው አኑሪበት!» ይሏት ነበር አሠሪዋ አቶ እስጢፋኖስ፤ ለበዓሉ ብለው ረጅም አፍንጫ ያለው አዲስ ካሜራ አስይዘዋት ነበርና። ካሜራው ፈጣን ነው፤ ሐሰት ምን ያደርጋል፤ እሷ ግን የሰው በቅሎ የተዋሰች ያህል ይጨንቃት ነበር።

የባሰው ጭንቀቷ ግን የአባቷ ነገር ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ያስተማሩት የኔታ ኪዳነወልድ እናቷ ካረፉ ወዲህ ለመመንኮስ ቆርጠው፤ ከበዓሉ በኋላ ወደ ዋልድባ ሊሄዱ ነው። ለዚህ የሄደ አይመለስም። ፎቶግራፍ ደግሞ አንድም የላቸውም፤ በዘመድ ሠርግ እንኳ ካሜራ ሲያዩ በጋቢያቸው ይሸፈኑ ነበር።

በከተራው ዕለት ጠዋት ድጓ በሚያስተምሩበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከዝግባው ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸውና አዲሱን ካሜራ ወደ ዓይኗ አነሣች።

«ምነው ልጄ፤ በአባትሽ ላይ ታነጣጥሪያለሽ?» አሉና ጋቢያቸውን ሳቡ።

ፀደንያ ደነገጠች። ፎቶን እንደ ከንቱ ውዳሴ ቆጥረው የሚጠሉ መስሏት ኖሯል፤ ለካስ ጠመንጃ በሚያውቅ አገር ላደጉ ሽማግሌ አንድ ዓይን ጨፍኖ ፊት ላይ መደገን ነው የሚከብዳቸው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይህ ነው። አፍራ ካሜራውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች፤ አሮጌውን አውጥታም ልታይበት አንገቷን ደፋች።

የኔታ የተሳለመቻቸው መስሏቸው «እግዚአብሔር ይባርክሽ» አሉ። ቀና አልል ስትላቸው ግን «ምን ወድቆብሽ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እርስዎን ነው የማይ፣ አባባ። እዚህ ውስጥ ነዎት።»

«እኔ? እስቲ!»

ተነሥተው መጡና ጎንበስ አሉ። በመስታወቱ ላይ ደጀ ሰላሙ፣ ዛፉ፣ ጥላ ይዛ የምታልፍ ሴት፤ ሁሉም ግራና ቀኙ ተዛውሮ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

«ወይ ጉድ! ሴትዮዋ ወዲያ ስትሄድ ወዲህ ትመጣለች!» አሉና ሳቁ። «ይህስ ሸጋ ነው፤ ሰውን ለማየት ያስጎነብሳል። በይ ራቅ በይ።»

ጥምጥማቸውን አስተካክለው ቆሙ፤ ሳቁ ግን አልለቅ አላቸው። ፀደንያ እንባዋ መስታወቱ ላይ እየተንጠባጠበ አነሣቻቸው።

በማግሥቱ ለበዓሉ የመጡትን ሹማምንት ሰልፍ በአዲሱ ካሜራ አንሥታ፤ «አቶ እስጢፋኖስ፣ ይህን ፍጥነት ለሚሻ ይስጡት፤ እኔ ሳጥኔ ይበቃኛል» ብላ ካሜራውን መለሰችላቸው።

የኔታ ዋልድባ ገቡ፤ አልተመለሱም። ታሪክ ከዚያ ዓመት ርችቱንና ሰንደቁን አስታወሰ፤ የተሰለፉትን ሹማምንት ስም እንኳ ዛሬ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በየኔታ ዱላ ድጓ የተማሩት፣ ዛሬ ራሳቸው መሪጌታ የሆኑት፣ አንዳንዴ ፀደንያ ቤት ጎራ ሲሉ ከግድግዳው ፎቶ ፊት ይቆማሉ፤ «የኔታ ይስቁ ነበር እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። መጻሕፍት አልመዘገቡትም እንጂ፤ የኔታ ይስቁ ነበር።