ስድስቱ የትዕቢት ቃላት

ልጆች፣ ሰርክአዲስ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። አባቷ አቶ ሣህሌ በጣቢያው ትኬት ይቆርጣሉ። ዘመኑ የደርግ ዘመን፣ ዓመቱም ያ ክፉ የድርቅ ዓመት፣ ሰባ ሰባት ነበር።

ሰርክአዲስ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። በእንግሊዝኛ ከክፍሏ የሚወዳደራት አልነበረም። አንድ ቀን መምህር ሀብተ ሥላሴ ትዕቢትን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ፈልጋችሁ፣ ልዩነታቸውን ጽፋችሁ ኑ ብለው የቤት ሥራ ሰጡ። ብዙው ተማሪ አንድ ቃል ይዞ መጣ። ሰርክአዲስ ግን የአባቷን መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ ውላ ስድስት አገኘች። «ፕራውድ» ኩሩ ነው፤ ይህ ለደግም ለክፉም ይነገራል። «አሮጋንት» ትዕቢተኛ ነው። «ቬይን» በመልኩና በልብሱ የሚመካ ነው። «ቦስትፉል» ጉረኛ ነው። «ኮንሲትድ» ከእኔ በላይ ማን አለ የሚል ነው። «ሆቲ» ደግሞ ሰውን ቁልቁል የሚያይ ነው። መምህሩ ደብተሯን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩላት።

እስከዚህ ድረስ ምንም ክፋት የለም። ቃል ማወቅ መልካም ነው። ሰርክአዲስ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃላቱን ለሰው ሁሉ ታድል ጀመር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ውባንች አዲስ ነጠላ ለብሰው ሲያልፉ «ቬይን» ትላለች። የሰፈሩ ሽማግሌ የወጣትነታቸውን ታሪክ ሲያወጉ «ቦስትፉል» ትላለች። ሰዎቹ ትርጉሙን ስለማያውቁ ፈገግ ብለውላት ያልፋሉ። ልብ በሉ፣ ልጆች፤ ስድስቱንም ቃል አድላ ጨረሰች፣ ለራሷ አንድም አላስቀረችም።

በክፍሏ ሀጂራ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ ከወሎ መጥተው አዋሽ ላይ ሻይ ቤት የከፈቱ ናቸው። ሀጂራ ትምህርቱ ሳይገባት ሲቀር እጇን ታወጣና አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ ትላለች። ሰርክአዲስ ትስቅባታለች። ሀጂራ መልስ ሳትሰጣት ዝም ስላለች «ሆቲ» የሚለው ቃል ለእሷ ተሰጣት።

በዚያ ዓመት ረሃብ ላፈናቀላቸው ሰዎች ከከተማው ዳር መጠለያ ተሠርቶ ነበር። አንዲት የውጭ አገር ነርስ ሕፃናቱን ታክማለች፤ ከድሩ የሚባል ጎልማሳ ይተረጉምላታል። አንድ ቅዳሜ ከድሩን ወባ ጣለው። ነርሷ ውሃ ሊያቀብሉ ወደ መጡት ተማሪዎች ዞራ እንግሊዝኛ የሚችል አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ሰርክአዲስ ማንም ሳይቀድማት ወጣች።

መጀመሪያ ደህና ሄደላት። ስም ጠየቀች፣ ዕድሜ ጠየቀች። ኋላ ሱልጣና የምትባል ወጣት እናት የሰባት ወር ልጇን ጀማሉዲንን ታቅፋ ቀረበች። ሕፃኑን ተቅማጥ ይዞታል። ነርሷ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጥ ዱቄት አወጣችላት። ከዚያ ፈጠን ብላ አንድ ነገር ተናገረች፣ እጇንም ወደ ጡቷ አመለከተች። ሰርክአዲስ የሰማችው «ስቶፕ»፣ ማለትም አቁሚ፣ የሚለውን ብቻ ነው። የቀረው አመለጣት።

ነርሷ ገባሽ ወይ አለቻት። ሰርክአዲስ ቀና ስትል ሰልፉ ሁሉ ያያታል። ሀጂራም ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልገባኝም ማለት ሞት መሰላት።

«የስ» አለች። ወደ ሱልጣናም ዞራ፣ ጡት ማጥባት ያቁሙ፣ ይህን ብቻ ይስጡት ተብለዋል አለቻት።

ነርሷ ያለችው ግን፣ ልጆች፣ ጡት ማጥባትሽን እንዳታቆሚ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰርክአዲስ ወደ መጠለያው ሄደች። ጀማሉዲን ያለቅሳል፤ ድምፁ ግን አይወጣም። ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ሱልጣና ጡቷን በነጠላዋ ሸፍና እሷም ታለቅሳለች። ሰርክአዲስ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባት። ነርሷን ሄዳ ልትጠይቅ ትችል ነበር። ይሁንና ብትጠይቅ ትናንት እንዳልገባት ይታወቅባታል። ስለዚህ ቆማ ቀረች።

ሀጂራ ከእናቷ ሻይ ቤት የፈላ ውሃ በማሰሮ ይዛ መጣች። ሕፃኑን አየች፤ ሱልጣናን ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀችና ጡት ማጥባት እንዳቆመች ሰማች። ከዚያ ማሰሮውን አስቀምጣ ቀጥ ብላ ወደ ነርሷ ሄደች፣ በሰባራ እንግሊዝኛና በእጇ ምልክት ነገረቻት። ነርሷ እየሮጠች መጣች። ሕፃኑ የሚጠባበት አቅም አልነበረውም። እናቱ ጡቷን እያለበች በማንኪያ ጠብ ጠብ አደረጉለት። ይተርፍ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ከድሩ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ መጣና ማን ጡት ከልክይ እንዳላት ሱልጣናን ጠየቃት።

«እኔ ነኝ የሳትኩት» አለች ሱልጣና። «ተማሪዋ ደህና አድርጋ ነግራኝ ይሆናል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

ሰርክአዲስ ከኋላቸው ሆና ሰማች። ዝም ብትል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር፤ በዚያች እናት ላይ ያልቅ ነበር። ወደ ፊት ወጣች።

«እትዬ ሱልጣና አልሳቱም» አለች። «እኔ ነኝ። ሳይገባኝ ገባኝ አልኩ።»

ሱልጣና ቀና ብላ አየቻት። «ልጄን አምኜ የሰጠሁት ለአንቺ ነበር» አለቻት።

ሰርክአዲስ ቤቷ ገብታ ለአባቷ ሁሉንም ተናዘዘች፤ ተንበርክካም ሕፃኑን አትርፍልኝ ብላ እግዚአብሔርን ለመነች። በማግስቱ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ ባልዲ ይዛ ወደ መጠለያው ተመለሰች። ማንም አላናገራትም፤ እሷም ውሃ ቀድታ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ጀማሉዲን ራሱ ጡት ያዘ።

ያን ዕለት ሀጂራን ይቅርታ ጠየቀቻት፤ የሰጠቻትንም ቃል ፍቺ ነገረቻት። ሀጂራም፣ ታዲያ አንቺን በእንግሊዝኛ ምን ይሉሻል ብላ ጠየቀቻት። ሰርክአዲስ አንገቷን ደፍታ ቃላቱን አንድ በአንድ ቆጠረችላት።

ክረምቱ ሲገባ ዝናብ ጣለና ሰዎቹን ወደ አገራቸው የሚመልስ የጭነት መኪና መጣ። ሰርክአዲስ ልትሰናበት ሄዳ ራቅ ብላ ቆመች። ሱልጣና አየቻትና በእጇ ጠራቻት።

«አውፍ ብዬሻለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት። «በይ፣ ልጁን ያዥልኝ፣ ልውጣ።»

ሰርክአዲስ ጀማሉዲንን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ እናቱ መኪናው ላይ ወጥታ እስክትቀመጥ ድረስ ያዘችው።

ልጆች፣ «አላውቅም» ማለት ማንንም አያዋርድም፤ ሳያውቁ «አውቃለሁ» ማለት ግን ራስንም ሌላውንም የሚጎዳ ትዕቢት ነው።