ጉርማን ያበላች ቀጥቃጭ

በዘልማር መንግሥት የዓመቱን የመጀመሪያ ትልም የሚያወጣው ንጉሡ ራሱ ነው። ምድር ዝናብ ጠጥታ ስትለሰልስ፣ መለከትና እምቢልታ እየተነፋ፣ ሕዝቡ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት፣ ንጉሡ ዘውዱን እንደደፋ ዕርፍ ይጨብጣል። እሱ ሳያርስ ማንም አያርስም። ንጉሥ ዘርጋም በነገሠ በሰባተኛው ዓመት ግን ጉድ ፈላ። ቀንዱ በወርቅ የተለበጠው የቤተ መንግሥቱ በሬ ሦስት እርምጃ ተራምዶ ቆመ። ጅራፍ ጮኸ፤ ንቅንቅ የለም። ንጉሡ ተቆጥቶ በፊት በኩል ዞሮ ቀንዱን ቢይዘው፣ በሬው ምላሱን ዘርግቶ ላብ ያራሰውን የንጉሡን ክንድ ይልስ ጀመር። ላሰ፣ ላሰ፣ እስኪጠግብ ላሰ ልላችሁ ነበር፤ አልጠገበም። ተንበርክኮ ወደቀና በዚያው ሞተ።

የንጉሡ ኮከብ ቆጣሪ ጢሙን ይዞ ወደ ፊት ወጣና፣ «ጃንሆይ ሺህ ዓመት ይንገሡ! በሬ የንጉሥን ላብ ከላሰ፣ የተራበ ሰው የንጉሥን ደም ለመላስ ሩቅ አይደለም» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ እንዴት እንዳመለጠው እሱም አያውቅም፤ ወዲያው ከሕዝቡ መሃል ተሸሸገ።

ለነገሩ ኮከብ መቁጠር አያስፈልግም ነበር። የዘልማር ከብት ጨው ከቀመሰ ስምንት ወሩ ነው።

ጨው ከየት ይመጣ እንደነበር ልንገራችሁ። ከዘልማር ደጋ በታች፣ ፀሐይ ድንጋይ በምታቃጥልበት ቆላ፣ የኦባር መንግሥት አለ። ኦባር ጨው አላት፣ እህል የላትም። ዘልማር እህል አላት፣ ጨው የላትም። ፈጣሪ ሆን ብሎ ነው ያደረገው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ነኝ። ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የጥርስ በር ይባላል፤ ሁለት ገደሎች ተፋጥጠው የቆሙበት ጠባብ ማለፊያ። እዚያ ጉርማ ይኖራል።

ጉርማን የጥንት ነገሥታት በመሐላ አስረው ለኬላ ጠባቂነት አቁመውታል። መልኩ የገበሎ፣ ቆዳው አለት፣ ዓይኖቹ አራት። ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ እፍኝ ቀረጥ ይበላል፤ በምትኩ በዚያ መንገድ ሽፍታ ዝር አይልም። በበላው ልክ ወርቅ ይተፋል፤ ወርቁን ሁለቱ ነገሥታት ይካፈሉታል። ያኔ ቁመቱ ከጥጃ አይበልጥም ነበር። ነጋዴዎች ሲያልፉ ጀርባውን ያኩለት ነበር አሉ።

ነገሩን ያበላሸችው ትርንጎ ናት። በክፋት ግን አይደለም፤ ይህን ከአሁኑ እወቁልኝ። ትርንጎ በዘልማር ምድር አቻ ያልተገኘላት ቀጥቃጭ ነበረች። እሷ የመታችው ማረሻ ሦስት ክረምት ድንጋይ ቢገለብጥ አይዶለዱምም። ታዲያ ኦባሮች በርካሽ የሚሸጥ ማረሻ ያመጡ ጀመር። ጥሩ አይደለም፤ ግን ርካሽ ነው። ገበሬው ወደዚያው ነጎደ፤ በቀጥቃጮች መንደር ወናፉ ዝም አለ፣ ምጣድ ጦሙን አደረ። ትርንጎ ወገኖቿ ሲራቡ ማየት አቃታትና ችሎት ገባች።

«ጃንሆይ፣ ጉርማ ከኦባር ማረሻ እኩሌታውን ይብላ!» አለች። «ያን ጊዜ የእነሱ ይወደዳል፣ የእኛ ይሸጣል።»

ንጉሡ ወርቁ ታየው። «መልካም ብለሻል! እነሱ ይክፈሉ!» አለና አዋጅ አስነገረ። ቀጥቃጮቹ ትርንጎን በትከሻቸው ተሸክመው ጨፈሩ። አንድ ዓመትም ሠርተው በሉ፤ አልዋሽም።

ከዚያ የኦባር ንግሥት አርሂያ ተነሣች። «ከዘልማር እህል እኩሌታውን ይብላ!» አለች። ንጉሥ ዘርጋም ደግሞ፣ «ደፈረችኝ! ከጨዋቸው እኩሌታውን ይብላ!» አለ። ልብ በሉ፣ የገዛ ከብቶቹ የሚልሱትን ጨው ነው። የሚከፍሉት ኦባሮች መስለውት። የከፈለችውማ አንዷን አሞሌ በሁለት አሞሌ ዋጋ የገዛች የዘልማር ባልቴት ናት። ሆኖም ወርቁ ስለሚጎርፍ ሁለቱም ቤተ መንግሥት እልል አለ። እኩሌታ የነበረው ከሦስት ሁለት እጅ ሆነ፣ ሁለት እጅ የነበረው ሁሉም ሆነ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። ጉርማ በበላ ቁጥር ያድጋል፤ አንድ ቀን ጎኑ በሁለቱ ገደሎች መሃል ተቀረቀረና በሩ ተደፈነ። ጨው ቀረ፣ እህል ቀረ፣ ወርቁም ቀረ። በሬ ደከመ፣ እርሻ ቆመ። እርሻ ከቆመ ማረሻ ማን ይገዛል? የትርንጎ ማረሻዎች ቤቷ ውስጥ እስከ ጣሪያ ተቆልለው ዛጉ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ንጉሡ የበሬው ምራቅ ከክንዱ ሳይደርቅ ጎራዴውን መዘዘ። «በአሥረኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ የጥርስ በርን በጦር እከፍታለሁ! ኦባርንም አመድ አስልሳታለሁ!» ብሎ ፎከረ። ንግሥት አርሂያም በበኩሏ ጦሯን ወደ በሩ ታስጠጋ እንደነበር ሁሉም ሰምቷል።

ትርንጎ ሰዉን እየገፋች ወጥታ በፊቱ ቆመች።

«ጃንሆይ፣ ጦር ከመዝመቱ በፊት ዘጠኙን ቀን ለእኔ ይስጡኝ። ሄጄ ጉርማን ከበሩ አነሣለሁ።»

«አንቺ? ይህን ሁሉ መዘዝ የጎተትሽብኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። የምሄደውም እኔ ስለሆንኩ ነው። ሰማይና ምድር ይስሙኝ፤ የጥርስ በርን ሳልከፍት ብመለስ ሰው አይበለኝ!»

እንግዲህ እዩ። በዚያ ሜዳ ላይ ስንት ባለ ካባ ነበረ፤ ስንቱ ለዚያ አዋጅ ሲያጨበጭብ ኖሯል። «እኔ ነኝ» ያለች ግን እሷ ብቻ ናት። ንጉሡ ራሱ ዓይኑን ሰበረ። «ዘጠኝ ቀን ሰጥቼሻለሁ» አለ።

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንደኛው ነጋድራስ ጓንጉል ናቸው፤ አርባ ዓመት የነጋዴ ጓዝ እየመሩ በጥርስ በር የተመላለሱ፣ ወሬያቸውና ሳላቸው የማያልቅ ሽማግሌ። ሁለተኛው ሐመዶ ይባላል፤ የኦባር ጨው ቆራጭ ነው። አሞሌ ሊሸጥ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ዘልማር ውስጥ የቀረ።

«ምላስሽ ነው ከቤቴ ያስቀረኝ» አላት ሐመዶ በመጀመሪያው ቀን።

«የንግሥትህ ምላስስ?»

«የሷም አለበት። እኔ ስወጣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። አሁን ልጄ ተወልዷል፤ ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንቁን ትርንጎ ተሸከመችለት።

ጉርማ ከተቀረቀረ ወዲህ መንገዱን የሚጠብቅ የለምና፣ በአምስተኛው ቀን ገደል አፋፍ ላይ ሽፍቶች ከበቧቸው። ትርንጎ ጎራዴዋን መዘዘች፤ ለዚህ ጉዞ ብላ የሠራችው፣ በሰባት እሳት ያለፈ ብረት ነው። ነጋድራስ ግን እጇን ያዙ። የሽፍቶቹን አለቃ አተኩረው አዩና፣ «አንተ ጫኔ አይደለህም? የበቅሎዬ ጫኝ?» አሉት።

ሰውየው ጦሩን ጣለ። «ነጋድራስ! እርስዎ ነዎት?» ብሎ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። «ምን ላድርግ ጌታዬ፣ ጭነት ቀረ! ከልጅነቴ ጀምሮ ከመጫንና ከማራገፍ በቀር የማውቀው ሥራ የለኝም። ልጆቼ ሲራቡ ጊዜ ዱር ገባሁ።»

ሽማግሌው አለቀሱ፤ ሽፍቶቹም አለቀሱ። ከዚያ በአቋራጭ መንገድ ሸኟቸው።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የጥርስ በር ደረሱ። ትርንጎ ጉርማን አየችው። ተራራ ነው እንጂ አውሬ አይባልም። ጎኖቹ ገደሉን ሰንጥቀውታል። በተነፈሰ ቁጥር ድንጋይ ይንከባለላል። አራቱ ዓይኖቹ እንደ ታመመ ሰው ደፍርሰዋል።

እሷ ግን ወደኋላ አላለችም። ጎራዴዋን በሁለት እጇ ይዛ ጉሮሮው ላይ ልትሰካው ሮጠች። ጉርማ አንገቱን ዝቅ አደረገና ጎራዴውን ከነእጀታው ዋጠው! ዋጠውና በአንድ ክንድ አደገ። ገደሉ ተናደ፤ ሐመዶ ዘልሎ ባይጎትታት ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር። የወደቀው አለት የሐመዶን ትከሻ ሰበረው።

ያን ጊዜ ጉርማ ተናገረ። ድምፁ ከመሬት በታች የሚመጣ ይመስላል።

«ለምን ታበይኛለሽ? ጠግቤያለሁ። ከጠገብኩ ዓመት አለፈኝ፤ ሆዴ ታመመ። ግን በመሐላ የታሰርኩ ነኝ፤ ያመጡልኝን እበላለሁ። እባክሽን አስጹሚኝ።»

ትርንጎ ወደ ነጋድራስ ዞረች። «እንዴት ነው የሚጾመው? እርስዎ ያውቃሉ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።»

ሽማግሌው ሳሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። «አውቃለሁ ልጄ። ከአያቴ ሰምቻለሁ። ጎራዴሽ ይበቃ ይሆናል ብዬ ደበቅሁሽ። ጉርማን የሚያስጾመው ‹ይብላ› ብላ መጀመሪያ የለመነች አፍ ናት። ዋጋው ደግሞ የለመነችበት ነገር ነው። አንቺ የለመንሽው ስለ መዶሻሽ ነው። እጅሽን አይወስድም፤ እጅሽ የሚያውቀውን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ መዶሻ ለአንቺ እንደ ማንኛውም ከባድ ዕቃ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም ልጄ። አንዲት ሚስማር እንኳ አይተውልሽም።»

ትርንጎ እጆቿን አየቻቸው። የእሳት ጠባሳ ሞልቷቸዋል። አባት እናት በልጅነቷ ሞተውባታል፤ ባል የላት፣ መሬት የላት። ያላት ይህ ብቻ ነው። «እጆቼን እወዳቸዋለሁ» አለችና እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ማንም አላባበላትም። ምን ብለው ያባብሏታል?

የአሥረኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ከላይ የዘልማር ነጋሪት ተሰማ፣ ከታች ደግሞ የኦባር ከበሮ። ሐመዶ የተሰበረ ትከሻውን ይዞ ቀና አለ። «ከታች ያሉት ወንድሞቼ ናቸው» አለ። አድርጊውም፣ አታድርጊውም አላላትም።

ትርንጎ ተነሣች። ፊቷን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ወደ ጉርማ ሄደች። ሁለት መዳፎቿን ግንባሩ ላይ አኖረች።

«ጉርማ!» አለች፤ ድምፅዋ ከገደል ገደል አስተጋባ። «ስለ መዶሻዬ ብዬ አበላሁህ። በወገኔ ረሃብ ምክንያት የሌላውን ወገን አስራብኩ፤ ዞሮ ራሴንም በላኝ። በአፌ የለመንኩትን በአፌ ሽሬያለሁ። እጄ የሚያውቀውን ውሰድና ጹም!»

ከጣቶቿ ጫፍ አንድ ሙቀት ወጣ። የብረት ቀለም መቼ እንደሚደርስ ጠፋት። ምት የት እንደሚያርፍ፣ ውኃ ውስጥ መቼ እንደሚነከር፣ የሰባቱ እሳት ስም፣ አንድ በአንድ ሄደ። ጉርማም አነሰ። ከተራራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ዝሆን፣ ከዝሆን ወደ ጥጃ። ከዚያ እግሯ ሥር ተኝቶ እፎይ አለ።

በሩ ተከፈተ። በአንድ በኩል አሥር ሺህ የዘልማር ጦር፣ በሌላ በኩል አሥር ሺህ የኦባር ጦር፣ በመሃል አንዲት ሴት ተንበርክካለች። ንጉሥ ዘርጋም፣ «በለው!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። የኦባር ወታደር አጥንቱ ወጥቶ ዓይኑ የዘልማር በቅሎዎች የጫኑት የስንቅ እህል ላይ ተተክሏል። የዘልማር ወታደርም ከኦባር ግመሎች ጀርባ ላይ ያለውን ነጭ አሞሌ እያየ ምራቁን ይውጣል። በመጨረሻ ከዘልማር ወገን አንድ ጎልማሳ ጋሻውን መሬት አስቀመጠና ተጣራ፦

«አንተ ወንድም! ጨው ትሸጣለህ?»

«እህል ካለህ!»

«በስንት?»

«ና ተጠጋና እንነጋገር እንጂ፣ ከዚያ ሆነህ ምን ያስጮህሃል!»

ጨዋታው አለቀ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ የጥርስ በር ገበያ ሆነ፤ ክርክሩ፣ ሳቁ፣ «ጨምር» «አልጨምርም» ምድሩን አናጋው። ንጉሡና ንግሥቲቱ የሚያዙት ጦር አጥተው አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሌላ ምን ያድርጉ? ከዛሬ ጀምሮ ጉርማ ከእያንዳንዱ ጭነት ከአንድ እፍኝ በላይ እንዳይበላ እዚያው ማሉ። ሐመዶ የሚያውቀው የአገሩ ሰው አገኘና ጠየቀው፤ ልጁ ሴት ናት። ትከሻውን እንኳ ሳያስጠግን ቁልቁል ሮጠ።

የኦባር ርካሽ ማረሻም ተመልሶ መጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የቀጥቃጮች መንደር ወዲያው አልደላውም። አንዳንዱ ቤቱን ዘግቶ ተሰደደ። ነጋድራስ ጓንጉል ግን የኦባር ጨው መቁረጫ ዶማ ቶሎ እንደሚሰበር ለቀጥቃጮቹ ነገሯቸው። ጠንካራ ዶማ ሠርተው ላኩ፤ ኦባሮች ወደዱት። በዓመቱ ወናፉ ሁሉ መተንፈስ ጀመረ።

ንጉሡ ለትርንጎ ርስትና ካባ ሰጣት። ካባውን አስቀመጠችው እንጂ አልለበሰችውም። ጠዋት ጠዋት ወደ ቀድሞ ባልደረቦቿ ቤት እየሄደች ወናፍ ትነፋለች። ወናፍ መንፋት ጥበብ አይፈልግም።

አንድ ቀን እንደዚሁ ስትነፋ የዶማው ብረት ከፍሙ ውስጥ ወጣ፤ ብርቱካንማ ሆኖ ይንቀለቀላል። ትርንጎ መንፋቷን አቁማ አፏን ከፍታ አየችው።

«እንዴት ያምራል!» አለች።

ቀጥቃጮቹ መዶሻቸውን አወረዱ። ከእነሱ ውስጥ እድሜ ልኩን ከእሷ ሥር የተማረ ነበረ፤ እሷን ለመብለጥ ሲመኝ የኖረም ነበረ። አንድ በአንድ ተነሥተው ቆሙላት።

እሷ ተደናግጣ ዙሪያዋን ተመለከተች። «ምን ሆናችሁ? አትመቱትም እንዴ?» አለች። «ይቀዘቅዛል አይደል?»